«ቆሻሻ» የተባሉት ፊልሞች፦ ስለ ድራይቭ ኢን ሆረር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራሙ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ላከልኝ። ታናሽ ወንድሜማ ከሥሩ «ለዚህ መልስ ካልሰጠህ አላውቅህም» ብሎ ጨመረበት። እሺ፣ ይኸው።

ጽሑፉ የሚያወራው በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ገንዘብ ስለተሠሩ ሆረር (አስፈሪ) ፊልሞች ነው። ፊልሞቹ በብዛት ይታዩ የነበሩት ድራይቭ ኢን በሚባሉት ሲኒማዎች ነው። ሜዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ይተከላል፤ ሰው መኪናውን አቁሞ ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም ያያል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የእኛ ሰባዎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው።)

ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ ሐሳባቸውንም አልሸፋፈኑም። እኔ ደግሞ እነዚህን ፊልሞች ከሃያ ዓመት በላይ ሳያቸው ኖሬያለሁ። እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ወደ ድራይቭ ኢን የሚሄደው ወጣት ሊሳሳምና ቢራ ሊጠጣ እንጂ ፊልም ሊያይ አልነበረም ይላሉ፤ ስለዚህ ዛሬ የሚወራው ፍቅር ኋላ የተፈጠረ ትዝታ ነው። ቀጥለው፣ አድናቂዎች «ስታይል» የሚሉት ነገር የገንዘብና የችሎታ እጦት ነው ይላሉ። ፊልሞቹ ከደምና ከሴት ልጅ ጩኸት ሌላ የሚሸጡት አልነበራቸውም፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ስለ ቬትናም ጦርነትና ስለ ዘረኝነት ይናገራሉ የሚባለው ፕሮፌሰሮች በኋላ የለጠፉባቸው ነው፤ ይህ አራተኛው። በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ ሐበሻ ምን አገባው ብለው ይዘጋሉ።

ከመሳሳሙ ልጀምር። እውነት ነው፣ ይሳሳሙ ነበር። ይህን ማንም አይክድም። የመጀመሪያው ድራይቭ ኢን በ1933 ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ካምደን አጠገብ ተከፈተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በመላው አሜሪካ ከ4,000 በላይ ደርሰው ነበር። ያኔ ደንበኞቹ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጆች ፒጃማቸውን ለብሰው ኋላ ወንበር ላይ ይተኛሉ። በ1970ዎቹ ግን ቤተሰቡ ቤቱ ቴሌቪዥን ይዞ ቀረ። ከከተማ ዳር የነበረው ሜዳም ዋጋው ናረና ባለቤቶቹ ለገበያ ማዕከል ይሸጡት ጀመር። የቀረው ደንበኛ ወጣቱ ነው። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ደግሞ አዲስ ፊልማቸውን ቀድመው የሚሰጡት ለከተማ ሲኒማ ቤቶች ነበር። ድራይቭ ኢኖች ሌሊቱን የሚሞላ ርካሽ ፊልም ያስፈልጋቸው ነበር። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ለመሳሳም ከሆነ የትኛውም ፊልም ይበቃል። ታዲያ ለምን አንዱ ፊልም በሳምንቱ ጠፍቶ ሌላው ለዓመታት እየተመላለሰ ታየ? «ሃሎዊን» በጥቅምት 1978 ካንሳስ ሲቲ ላይ ሲጀምር ትልቅ ማስታወቂያ አልነበረውም። ከከተማ ከተማ የዞረው ያየው ሰው ላላየው እየነገረ ነው። 325 ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 47 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ስክሪኑን ያላየ ሰው ለጓደኛው ምን ብሎ ይነግራል?

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ሮጀር ኮርማን የርካሽ ፊልም ንጉሥ ነበር። በ1970 ባቋቋመው ኩባንያ በኩል የስዊድናዊውን የኢንግማር በርግማንን «ክራይስ ኤንድ ዊስፐርስ» ገዝቶ አሜሪካ ውስጥ ሲያከፋፍል ድራይቭ ኢን ላይም አሳይቶታል። ስለ ሞትና ስለ እህትማማቾች የሚያወራ ከባድ ፊልም ነው። ያ ተመልካች ምንም አያይም ብሎ ቢያምን ኖሮ ነጋዴው ኮርማን ይህን አይሞክረውም ነበር።

ከዚህ በላይ ግን ጸሐፊው ያልነኩት ነገር አለ፤ ቦታው ራሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራ ድራይቭ ኢን ሄጄ ነበር። የድሮ ፊልሞች ምሽት ነበር። ዛሬ ድምፁ በመኪናው ሬዲዮ ነው የሚመጣው። ድሮ ግን ከምሰሶ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ስፒከር አንስተህ የመኪናህ መስኮት ላይ ታንጠለጥላለህ። ድምፅዋ የቆርቆሮ ነው። ምስሉ መቶ ሜትር ርቆ ሰማይ ላይ ይታያል፤ ጩኸቱ ግን ጆሮህ ሥር ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ዙሪያህ ሰው ነው። እዚህ ዙሪያህ ጨለማ ነው። የእንቁራሪትና የፌንጣ ድምፅ ከፊልሙ ይሁን ከሜዳው አታውቅም። ፊልሙ ላይ ወጣቶች ጭር ባለ መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንተም እንደዚያው ተቀምጠሃል። መካከል ላይ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር እየተንኮሻኮሸ ሦስት ጊዜ ዞር ብዬ አይቻለሁ። የአርባ ዓመት ሰው ነኝ።

ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ዌስ ክሬቨን በ1972 «ዘ ላስት ሃውስ ኦን ዘ ሌፍት»ን ሲሠራ ገንዘቡን ያወጡት ቦስተን አካባቢ የሲኒማ ቤቶችና የድራይቭ ኢን ባለቤቶች የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ የት እንደሚታይ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ቁጭ ብለን መነጋገር አለብን። የጽሑፉ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ የእኔም ቅሬታ እዚሁ ነው።

«ድህነት ስታይል አይሆንም» ይላሉ ጸሐፊው። በምሳሌነት የሚያነሱት «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶው ማሳከር»ን ነው። ምስሉ ሻካራ፣ ተዋናዮቹ የማይታወቁ፣ ቤቱ የተዝረከረከ ነው ይላሉ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ለምን እንደዚያ እንደሆነና ምን እንደሠራ አልጠየቁም።

ቶቢ ሁፐር ፊልሙን የቀረጸው በ1973፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። የነበረው ገንዘብ 140 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለሲኒማ ለተለመደው ባለ 35 ሚሊሜትር ስፋት ፊልም ስላልበቃው በጠባቡ በ16 ሚሊሜትር ቀርጾ በኋላ አስፋው። ምስሉ ሻካራ የሆነው ለዚህ ነው። አሁን ያንን ዘመን አስቡት። በዚያን ጊዜ አሜሪካዊ ማታ ማታ ሳሎኑ ተቀምጦ የቬትናምን ጦርነት ሲያይ፣ የቴሌቪዥን ዜናው የሚቀረጸው በዚያው በ16 ሚሊሜትር ነበር። ሰው ዓይኑ ለምዶታል። ያ ሻካራ ምስል «ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው» ይላል። በውድ ካሜራ፣ በውድ መብራት ቢቀረጽ ኖሮ ፊልም ይመስል ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ቦታው ላይ ተገኝቶ የቀዳው ማስረጃ ይመስላል።

ተዋናዮቹም እንዲሁ። ብዙዎቹ የዚያው የቴክሳስ ልጆች ናቸው። ማንም አያውቃቸውም። ስሙን የምታውቀው ተዋናይ ሲኖር «ይሄ እንኳ አይሞትም፣ ዋናው እሱ ነው» ትላለህ። እዚህ ማንን ብለህ? ማን እንደሚተርፍ የምታውቅበት መንገድ የለህም።

የእራቱን ትዕይንት ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ሳሊ የምትባለዋ ልጅ፣ ማሪሊን በርንስ ናት የምትጫወታት፣ ወንበር ላይ ታስራ ማዕድ ቀርባለች። ዙሪያዋን ጓደኞቿን የገደለው ቤተሰብ ተቀምጧል። ቀረጻው ቀን ላይ ስለነበር መስኮቶቹን በጥቁር ሸፍነው ሌሊት አስመሰሉት። ውጭው ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። ውስጥ መብራቱ ይፋጃል። የቤቱ ጌጥ የእውነት የእንስሳት አጥንት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሥጋ ከሙቀቱ ሸተተ። 26 ሰዓት ያህል በተከታታይ ቀረጹ። ከዚያ ካሜራው ቀስ በቀስ ወደ ሳሊ ዓይን ይጠጋል። ይጠጋል። የዓይኗ ነጭ፣ ቀዩ ደም ሥር፣ የምትንቀጠቀጠው ብሌን ብቻ እስኪቀሩ። ድምፁ ጩኸት ይሁን ብረት ሲፋጭ መለየት ያቅታል። ይህን ያሰበ ሰው ሥራውን የማያውቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልቀበል፤ እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ ልሂድ። ማንም ሠራተኛ እንደዚያ መሥራት አልነበረበትም። የልጅቷን ጣት የሚቆርጡበት ትዕይንት ላይ የውሸቱ ደም አልወጣ ሲል በእውነተኛ ቢላ ቆርጠዋታል። ፊልሙ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ የደከሙት ሰዎች እጅ የገባው ኢምንት ነው። ይህ ነውር ነው። ፊልሙን ስለምወደው አልሸፍነውም።

ግን ወደ መጨረሻው እንምጣ። ሳሊ አምልጣ ጭነት መኪና ጀርባ ላይ ወድቃለች። ደም በደም ሆና ትስቃለች፤ ወይም ታለቅሳለች። ከኋላዋ ከቤተሰቡ አንዱ፣ ጭንብል የለበሰው ገዳይ፣ የሞተር መጋዙን ይዞ መንገዱ መሐል በንዴት ይሽከረከራል። ጀንበር ገና እየወጣች ነው፤ ብርሃኗ በመጋዙ ጭስ ውስጥ ያልፋል። ያችን ጀንበር በገንዘብ የገዛት የለም። ጠብቀው ነው ያገኟት።

«ሃሎዊን»ም ሌላ ምስክር ነው። ጆን ካርፔንተር በ20 ቀን ነው የቀረጸው። ታሪኩ የሚሆነው በጥቅምት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። እነሱ ግን የቀረጹት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በጸደይ፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የወረቀት ቅጠል ቡናማ ቀለም ቀብተው መንገዱ ላይ በተኑ። ትዕይንቱ ሲያልቅ ቅጠሉን እየለቀሙ ወደ ጆንያ መለሱ፤ ለሚቀጥለው ትዕይንት ሌላ መግዣ የላቸውማ። የገዳዩ ጭንብል ከሱቅ በጥቂት ዶላር የተገዛ፣ የአንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ተዋናይ ፊት ነበር። ነጭ ቀለም ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት። አሁን ምንም የማይነበብበት ፊት ሆነ። ውድ ጭራቅ ማሠራት ስላልቻሉ ባዶ ፊት ሠሩ። ባዶ ፊት ላይ ደግሞ የራስህን ፍርሃት ነው የምታነበው።

ሙዚቃውንም ካርፔንተር ራሱ ሠራው፤ የሚከፍለው ሙዚቀኛ አልነበረውም። አምስት ምት ያላት ቀላል የፒያኖ ዜማ ናት፤ ምቱን ልጅ ሳለ ያስተማረው አባቱ ነው። ካርፔንተር እንደሚናገረው፣ ፊልሙ ገና ሙዚቃ ሳይገባበት ያየች አንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ ምንም አላስፈራትም ነበር። እሱም በሙዚቃው ላድነው ብሎ ተነሣ። ዜማዋን ዛሬ የሰማ ሁሉ ያውቃታል።

ገንዘብ የነበራቸውም ቢሆኑ ወደዚሁ መንገድ የመጡበት ጊዜ አለ። በ1975 የወጣው «ጆውስ» በብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው የተሠራው። ሜካኒካሉ ሻርክ ባሕር ውስጥ አልሠራ ስላለ ብዙውን ጊዜ ሳያሳዩት ቀሩ። ፊልሙን ያሳመረውም ያ አለመታየቱ ነው።

አሰልቺዎቹንስ? ጸሐፊው አሰልቺ ያሏቸው ፊልሞች አሉ፤ እኔም አይቻቸዋለሁ። ሰዓት ለመሙላት መኪና ሲነዳ አምስት ደቂቃ የሚያሳዩ አሉ። የሌሊት ትዕይንታቸው ከመጨለሙ የተነሣ ማን ማንን እንደያዘ የማይታይም አለ። አንዳንድ ፕሮዲውሰሮች ርዕሱንና ፖስተሩን አስቀድመው አሠርተው ገበያውን ካዩ በኋላ ነው ፊልሙን የሚያስቡት። ፖስተሩ ላይ ያለው ጭራቅ ፊልሙ ውስጥ ድርሽ ሳይል ያልቃል። እነዚህን አልከላከልም። ነገር ግን አንድን የጥበብ ዓይነት በደካሞቹ መመዘን ካለብን አዝማሪ ቤቱም ልብ ወለዱም አይተርፍም።

ወደ ደሙ እንለፍ። ጸሐፊው የቴክሳሱን ፊልም «የደም ጎርፍ» ብለውታል። ይህ የሚያሳየኝ ፊልሙ ምን ያህል እንደሠራባቸው ነው፤ ጎርፉ የለማ! ሁፐር ልጆችም ከወላጅ ጋር እንዲያዩት ይፈቀድልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ደሙን ቀንሶ ነበር። ከሳሊ ጓደኞች አንዷ መንጠቆ ላይ የምትሰቀልበትን ትዕይንት ብዙ ሰው «መንጠቆው ሲገባ አይቻለሁ» ብሎ ይምላል። አይታይም። ፊቷ ይታያል፣ ከሥሯ የተቀመጠው ገንዳ ይታያል። የቀረውን እኛ ነን የሞላነው። ይህ ፊልም በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ የሚገባቸው ብሎ ከመዘገባቸው ፊልሞች አንዱ ሆኗል። ሙዚየም ገባ ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ደም ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረሰ።

ስለ ሴቶቹ የተጻፈው ግን ከበድ ይላል፤ አልፎ አልፎም እውነት አለው። ሴት ልጅን ለማሠቃየት ብቻ የተሠሩ ፊልሞች ነበሩ። የክሬቨንን «ላስት ሃውስ» እኔ ራሴ ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም። ሆኖም ሙሉው ሥዕል ይህ አይደለም። የ«ሃሎዊን» ፕሮዲውሰርና ተባባሪ ደራሲ ዴብራ ሂል ሴት ናት፤ የሴት ልጆቹን ንግግር የጻፈችው እሷ ናት። ልጆቹ እንደ እውነተኛ ጓደኛሞች የሚያወሩት ለዚህ ነው። ስቴፋኒ ሮትማን በ1971 ለኮርማን ኩባንያ «ዘ ቬልቬት ቫምፓየር»ን ዳይሬክት አድርጋለች፤ በዚያን ጊዜ በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሴት ዳይሬክተር ማየት ብርቅ ነበር። ምሁሯ ካሮል ክሎቨርም በኋላ አንድ ነገር አስተውላለች። እነዚህን ፊልሞች የሚያየው ወንድ ልጅ መጨረሻ ላይ የሚቆመው ከገዳዩ ጋር አይደለም፤ ከምትተርፈው ልጅ ጋር ነው። በእሷ ዓይን ያያል፣ ከእሷ ጋር ይሮጣል። ቪዲዮ ቤት ሳለን እኛም «ከኋላሽ! ከኋላሽ!» ብለን የምንጮኸው ለእሷ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ትርጉም ነው። ጸሐፊው ግማሹን ልክ ናቸው። በጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ዋናውን ሰው የሚጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ፊልሙ የ1968 ቢሆንም 1970ዎቹን ሙሉ ሲታይ ኖሯል። ሮሜሮ ደጋግሞ እንደተናገረው ጆንስን የመረጡት ከተፈተኑት ሁሉ ስለበለጠ ነው፤ ስለ ዘር ብለው አልጻፉትም። ይህን እቀበላለሁ።

ግን ፊልሙ ላይ የሆነውን እንይ። ጆንስ ሌሊቱን ሙሉ ከተነሡ ሙታን ጋር ታግሎ ብቻውን ይተርፋል። ሲነጋ ጠመንጃ የያዙ ነጮች ይመጣሉ። በመስኮት ያዩትና ግንባሩን ብለው ይጥሉታል። ከዚያ ምስሉ ይቆምና የጋዜጣ ፎቶ የሚመስሉ ሻካራ ፎቶዎች ይከታተላሉ። በሥጋ መንጠቆ ይጎትቱታል፣ ከእንጨት ጋር ይከምሩታል። የዚያን ዘመን አሜሪካዊ እንዲህ ያለ፣ ነጮች የገደሉት ጥቁር ሰው ፎቶ የት እንዳየ ፕሮፌሰር ሊነግረው አያስፈልግም። ሮሜሮ ያለቀውን ፊልም በመኪና ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ ሲወስድ ነው የማርቲን ሉተር ኪንግን መገደል በሬዲዮ የሰማው። ማንም የለጠፈው ትርጉም አይደለም። ዘመኑ ራሱ ከፊልሙ ጋር መኪና ውስጥ ነበር።

ደግሞ ሁሉም ሳይታሰብ የመጣ አይደለም። በ1972 «ብላኩላ» ሲሠራ ዋናው ተዋናይ ዊሊያም ማርሻል ገጸ ባሕርዩ እንዲለወጥ አደረገ። አፍሪካዊ ልዑል ሆነ፤ የባሪያ ንግድ እንዲቆም እንዲያግዘው ወደ ደም መጣጩ ድራኩላ ዘንድ የሄደ ልዑል። የፊልሙ ርዕስ («ብላክ» እና «ድራኩላ» ተዳብለው) ለቀልድ የወጣ ይመስላል፤ ማርሻል ግን አንድም ቦታ አልቀለደበትም። ቶም ሳቪኒ ደግሞ ቬትናም ውስጥ የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ ነበር። የሞተ ሰው አካል ምን እንደሚመስል በካሜራው አይቷል። ከዚያ ተመልሶ የሆረር ፊልም ሜካፕ ሠራተኛ ሆነ፤ ያየውም እጁ ላይ እንደቀረ ራሱ ይናገራል። ቬትናምን ከእንዲህ ያለ ሰው ሥራ ውስጥ ማን ያወጣዋል?

የቀረው «ሐበሻ ምን አገባው» ነው። ቀላሉን መልስ ቶሎ ልበል። እኔ «ሃሎዊን»ን መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ነው። ካሴቱ የኮፒ ኮፒ ስለነበር ምስሉ ይርገበገባል። እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ ጮክ ብሎ ይተረጉምልናል። ስሙን እንኳ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለፊልሙ ገንዘብ ያወጣው ሙስጠፋ አካድ ሶሪያ፣ ሐለብ የተወለደ ሰው ነው። ያው አካድ ከዚያ በፊት «ዘ ሜሴጅ»ን ዳይሬክት አድርጓል፤ የእኛው ነጃሺ ስደተኞቹን ሲቀበል የሚታይበትን ፊልም። የፈረንጅና የእኛ የሚባለው አጥር ጸሐፊው እንዳሉት ጠንካራ አይደለም።

እውነተኛው መልሴ ግን አንድ ፊልም ነው። «ዴዝድሪም» ይባላል። ቦብ ክላርክ ፍሎሪዳ ውስጥ ሠርቶት በ1974 ወጣ። አንዲ የሚባል ወጣት ቬትናም ላይ ሲመታ ይጀምራል። ሲሞት የእናቱ ድምፅ ይሰማዋል፤ ልትመለስ ቃል ገብተህልኛል እያለች። ቤት መርዶ ይመጣል። እናት መርዶውን አትቀበልም። እኩለ ሌሊት ላይ ከታች ድምፅ ይሰማል። ልጇ ቆሟል።

ተመልሷል፤ ግን አይበላም። ክፍሉ ውስጥ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይላል። የወንበሩ ሲጥሲጥታ ቤቱን ይሞላዋል። አካሉ እንዳይበሰብስ የሰው ደም ያስፈልገዋል። አባት ይገባዋል። እናት ይገባታል፤ አትልም እንጂ። አባትና እናቱን የሚጫወቱት ጆን ማርሊና ሊን ካርሊን ናቸው፤ ከዚያ በፊትም በሌላ ፊልም ባልና ሚስት ሆነው ተጫውተዋል፤ ካርሊን ለኦስካር ታጭታበታለች። ማዕድ ላይ ሲተያዩ የሃያ ዓመት ትዳር ይታያል። አንድ ማታ ደግሞ ልጁ ከእህቱና ከድሮ ፍቅረኛው ጋር ወጥቶ ፊቱ መበስበስ ይጀምራል። የት መሰላችሁ? ድራይቭ ኢን፣ መኪና ውስጥ። በ1974 ይህን ያየው ወጣት ራሱ ድራይቭ ኢን፣ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። እኩዮቹ ጦር ሜዳ ሄደው አልተመለሱም።

መጨረሻ ላይ እናት በመኪናዋ ወደ መቃብር ትወስደዋለች። ልጁ ጉድጓዱን አስቀድሞ ቆፍሮታል። ስሙን ራሱ ድንጋዩ ላይ ጭሯል። ይገባና ይተኛል። እናት እያለቀሰች በእጇ አፈር ታለብሰዋለች።

የአክስቴ ልጅ በደርግ ጊዜ ናቅፋ ግንባር ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች ማለዳ መጡ። አክስቴ አልተቀበለችም። ጥቁር አልለበሰችም፣ ድንኳን አላስተከለችም። «አስከሬኑን ያየ አለ?» ትል ነበር፤ ያየ አልነበረም። ቤቷ ሳድር ማታ በሩን ልቆልፍ ስነሣ «ተወው የኔ ልጅ» ትለኛለች። ለማን እንደተተወ ሁላችንም እናውቃለን። ራት ሲቀርብ ከሌማቱ ላይ አንድ እንጀራ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ጠዋት ለለማኝ ትሰጠዋለች፤ ማታ ሌላ ታስቀምጣለች።

«ዴዝድሪም»ን ያየሁት እሷ ካረፈች በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ብቻዬን ነው። እናትየዋ መርዶውን አልቀበልም ስትል ፊልሙን አቁሜ ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ከአክስቴ በር ጋር የተያያዘ፣ ስም ያልሰጠሁት ፍርሃት ነበረኝ። በሩ አንድ ሌሊት ቢከፈትስ? የሚገባው እሱ ባይሆንስ? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ በሳንቲም ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ተናግረውት አገኘሁት።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ይህን አንዱን ማታ፣ መብራት አጥፍተው፣ ስልካቸውን አርቀው ይዩት። 88 ደቂቃ ነው።